ከቀዩ ክር የሚወጣው ድምፅ የማን ነው?

ለአባባ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና አፈርኩ። ሞተሃል እኮ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ ተጣልተን እስክንለያይ ድረስ የተማርኩት የደብዳቤ አጀማመር ሁሉ ስለ ጤና ይጠይቃል፤ ለሟች ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ ጤናህን ዘልዬዋለሁ። ከተለያየን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ገብሱም ታጨደ። እኔ ያው ቀልማዳ ያልከኝ የልጅ ልጅህ ነኝ።

ቤት ውስጥ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። እማዬ የሽመና ጉድጓድህን በሳንቃ ከድናዋለች። ዶሮዎቹ እንዳይገቡበት ነው ትላለች፤ እኔ ግን ባዶውን ላለማየት ይመስለኛል። ቀይዋ ዶሮ ሳንቃው ላይ ወጥታ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች። አንድ ክር ሳታስገባ የሸማኔ ቦታ የወረሰች እሷ ብቻ ናት። እኔም እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአይሱዙ ወደ ቤት፣ ጨንቻ፣ እወጣለሁ። ብርዱ ሲቀበለኝ ጋቢህን ነው የምደርበው። አትቆጣ፣ አንተ አትለብሰው።

የጻፍኩልህ ግን ለወሬ አይደለም። ግራ ገብቶኛል። ነገሩ የሳጥኑ ነው።

ሳጥኑን ስሠራ ያሾፍክብኝን አልረሳሁም። ነጋዴዎች ያመጧቸውን፣ ሆዳቸውን ሲጫኗቸው የነገሯቸውን መልሰው የሚያወሩ አሻንጉሊት ድቦች ገዝቼ አረድኳቸው። ሆዳቸው ውስጥ ጥፍር የምታክል ነገር አለች፤ ድምፅ የምትይዘው እሷ ናት። ከሱቃችን ጎን የተከራየው የኮሌጅ ተማሪ፣ ዲጂታል ነው፣ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ ያስቀምጠዋል ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም የገባኝ መስዬ ላንተ አስረዳሁ። አንተ አገላብጠህ አየሃትና፣ "ካሴት እንኳ ክር አለው። ይሄ ክር ከሌለው ድምፄን ምን ላይ ልትጠመጥመው ነው?" አልከኝ። መልሱን እስካሁን አላውቀውም።

አጎቴ ዳንሳ ከሽሮ ሜዳ ደብዳቤ ቢልክ አንተ አታነብ፤ ለስልክ ደግሞ ያን ሁሉ ቁልቁለት እስከ አርባ ምንጭ መውረድ አትወድ። ልጁ አስቴር አዲስ አበባ ተወልዳ አንተን በዓይኗ አይታህ አታውቅም። ሳጥኑን ያሰብኩት ለዚህ ነበር። አንተ ትናገርበታለህ፣ ሸማ ሊሸጥ የሚሄድ ጎረቤት ይዞት ይሄዳል፣ እነሱ ሰምተው መልሳቸውን ሞልተው ይልኩታል። ፊደል ለማያነብ ብዬ ቁልፎቹ ላይ የዱንጉዛ፣ የባለ ሦስት ቀለሙ ሸማችን፣ ክር ጠመጠምኩ። ቀዩ ያንተ፣ ቢጫው የአጎቴ፣ ጥቁሩ የአስቴር። ለሠሪው ቁልፍ አልደረሰውም።

መጀመሪያ ሁሉም እንደፈለገ እንዲናገር አድርጌው ነበር። አንተ ግን ተቆጣህ። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን ከከፈተ ባይራ፣ የቤተሰቡ ታላቅ፣ መሆን ምን ሊረባ ነው አልክ። እኔም ሽቦውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት፤ ቀዩ ተናግሮ ሳይጨርስ ቢጫው ዝም፣ ጥቁሩም ዝም። ያኔ ነው ደስ ያለህ። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ ሳጥን ፈረንጅም አልሠራ!

ከዚያ ጨዋታው መጣ። በሌለህበት ድምፅህን አስመስዬ፣ "ዳንሳ ልጄ፣ እግሬን በረደኝ" ብዬ ቀይ ላይ ቀዳሁ። ቦት ጫማ መጣልህ። ጫማውን አየህ፣ እኔን አየህ፣ ተጫምተኸው ቤተ ክርስቲያን ሄድክ። እኔ አመለጥኩ ብዬ ስዝናና፣ በሚቀጥለው ዙር እኔ አንተን ሳስመስል የማወጣውን ድምፅ አስመስለህ፣ "ለዚያ ቀልማዳ ሚስት ፈልጉለት፣ ጥርስ ባይኖራትም ግድ የለም" ብለህ ላክህ። አጎቴ እውነት መስሎት ጀምሮ ነበር እኮ! ከዚያ ወዲያ አንተ ስትቀዳ እኔ ሳጠፋ፣ እኔ ስቀዳ አንተ ስታጠፋ፣ ማን ማን እንደሆነ ለራሳችንም ጠፋን። ሳጥኑ በየቁልፉ የሚይዘው በመጨረሻ የተቀዳውን ብቻ ነው።

ታዲያ ሳጥኑ አዲስ አበባ እያለ አንተ ሄድክ።

አጎቴ ለለቅሶ ይዞት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ቀዩን ተጫነው። "ልጆቼ፣ እንደ ድርና ማግ ተያያዙ። ታላቅ ታናሹን ይጠብቅ። እኔ አለሁ።" ድንኳኑ በእንባ ታጠበ። እኔም እየተንሰቀሰቅኩ ድንገት እንባዬ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ቆይ፣ ይሄ አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ?

አልቀለድኩም አባባ። አላውቀውም። እንዲህ ብለህ መርቀህ ታውቃለህ፤ እኔም ምርቃትህን ስቀልድበት እንዲህ ብያለሁ።

አጎቴም ሞኝ አይደለም። ሲመለስ ሳጥኑን እኔ ዘንድ ትቶ፣ "አሁን ባይራው እኔ ነኝ፣ የቀዩ ቦታ ለእኔ ይገባል። የአባቴ ድምፅ ከሆነ ግን እስክሞት አልነካውም። ያንተ ቀልድ ከሆነ አጥፋውና ቦታዬን ልያዝ። ለተዝካሩ ስመጣ ቁርጡን ንገረኝ" አለኝ። አንተ ነህ ብዬ እኔ ሆኜ ብገኝ፣ ቀልማዳ በባይራ ወንበር ተቀምጦ ቤተሰቡን ሊመርቅ ነው። እኔ ነኝ ብዬ አንተ ሆነህ ብትገኝ፣ በዚህ ምድር የቀረች ድምፅህን በገዛ ጣቴ ላጠፋት ነው። እማዬን ጠየቅኳት፤ "እሱ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ጠየቅኳት፤ "አንተ ነህ መሰለኝ" አለችኝ።

በኋላ ሳጥኑን ከሱቃችን ትልቁ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁት። አንድ ጊዜ ሰማሁ፣ ደግሜ ሰማሁ። ከንግግሩ ኋላ፣ ከሩቅ፣ ጧ… ጧ… ይላል። ሽመናህ ነው! አንተ ደግሞ እጅ ሲሠራ አፍ ይረፍ ባይ ነህ፤ እየሸመንክ ተናግረህ አታውቅም። ስለዚህ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ልቤ ወደቀ። ከዚያ ግን፣ ታዲያ የሚሸምነው ማን ነው? አልኩ። ጉድጓድህ ውስጥ ቁጭ ብለህ፣ ባንተ ድምፅ ስቀልድ እየሰማህ፣ ሳትከለክለኝ ሥራህን ትሠራ የነበርከው አንተ ነህ።

ለተዝካሩ ሲመጡ ለአጎቴ እንዳለ ነገርኩት። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ሰማ። ሽመና ያስተማርከው ልጅህ አይደል? ፊቱ ተለወጠ። "የአባቴ እጅ ነው" አለ። ቀዩን ተወው፣ እኔ ቢጫው ይበቃኛል አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ጫማ ካስላክህ ግን እጅህን እሰብራለሁ" አለ። አስቴር ሳጥኑን ከእጁ ነጥቃ ተጫነችው። እኔ ሳጥኑ ውስጥ ሆኜ አሳምሬ የምመርቀውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። "ዝም በል፣ አያቴን ልስማው" አለችኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ የምናገረውን እኔን ነው፤ ልትሰማ የፈለገችው ከኋላ ያለውን ሽመናህን ነው።

አሁንም ግን እንዲህ አስባለሁ፤ አንተ እኮ ተንኮለኛ ነህ፣ እኔን ግራ ልታጋባ ጎረቤት ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጠህ እያሸመንክ ራስህ ተናግረህ ቢሆንስ? ስንገናኝ ትነግረኛለህ።

ሳጥኑ ባትሪው አንዴ ከወጣ ሁሉንም ይረሳል። ስለዚህ ጎን ለጎን ሁለት የባትሪ ቤት ሠራሁለት። አዲሱን ሳላስገባ አሮጌውን አላወጣም አባባ፣ ጣቴ እስከታዘዘልኝ ድረስ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚደረግ ለአስቴር አሳይቻታለሁ።

ቀልማዳህ