የተረፈችው እፍኝ እህል

ለልጄ ለቴክራጅ፣
በኳታር ባለህበት ጌታችን ፓሹፓቲ ጥላ ይሁንህ። እኔና እናትህ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች። ላለፉት ደብዳቤዎቼ መልስ አልመጣም፤ የዘንድሮ ፖስተኛ ሰነፍ ነው።

በሙታን መታሰቢያ ቀን ባግማቲ ወንዝ ዳር ወዳለው ቤተ መቅደስ ወርደን ነበር። እንደ ወጉ ለእያንዳንዱ ሙት አንድ እፍኝ እህል ይበተናል። የአባቴንና የእናቴን ስም ጠርቼ በተንኩ። ከረጢቱ ውስጥ ግን አንድ እፍኝ ገብስ ተረፈ። እናትህ ለሦስት ሰው ሰፍራ ኖራለች።

ካህኑ «አባባ፣ ይቺስ በማን ስም ናት?» አለኝ።

«በማንም! ሴትዮዋ መስፈር አትችልም።»

«እንግዲያው ለመቅደሱ ጦጣዎች ይስጧት።»

«ጦጣ ይራብ!» አልኩት።

እናትህ ከወንዙ ማዶ የሚቃጠለውን ሬሳ ታያለች። ወጣት ነው አሉ፤ ሳጥኑ ከባዕድ አገር መጥቶ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ነው የመጣው። እኔ ዞሬ አላየሁም።

እፍኟን ቤት መልሼ ከጓሮ ዘራኋት። እናትህ በዚያ በኩል አታልፍም፤ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ገብሱ በቅሏል። ሲደርስ የምታጭደው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው ማጭድ አያስገባበትም።

እስክትመጣ ጤናህን ይጠብቅልኝ።

አባትህ ሊላናት
ካትማንዱ