ፈትሂያን ያስወጣሁበት ቀን

ውዴ ታደሰ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ተዝካርህን በወጉ አውጥተናል፤ ጣሪያው አያፈስም፤ የግቢውንም በር ቀለም አስቀብቼዋለሁ። ፈትሂያ ግን የለችም። መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ የምትሰፋዋን፣ ሰርቪሳችን ውስጥ ሰባት ዓመት የኖረችውን ፈትሂያን አስወጣኋት። ለማን ልናገረው? ላንተው ልጻፍልህ እንጂ።

በሕይወት ሳለህ ኪራይ ያንተ ጉዳይ ነበር። ተቀብለህ ታመጣልኛለህ፤ መቼ እንደተቀበልክ ጠይቄህ አላውቅም። ቧንቧዋ ሲበላሽ መፍቻህን ይዘህ ትሮጥላት ነበር። አንተ ሆስፒታል ስትተኛ እሷም ከእህቶቼ ቀድማ አጥሚት ይዛልህ መጣች።

አንተ ካለፍክ በኋላ ወር ሲገባ ጠበቅኋት። አምስት ቀን አለፈ፣ አሥር ቀን አለፈ፤ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ይዛ መጣች። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። በሦስተኛው ብጠይቃት እንደተለመደው አመጣለሁ አለችኝ። ባል ስለሌለኝ የናቀችኝ መሰለኝ። ቁጭ አድርጌ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ሲገባኝ ወንድሜን ላክሁባት። እሱ ደግሞ ጎረቤት እየሰማ፣ በሯ ላይ ቆሞ፣ ቤቱን ልቀቂ አላት። አልተከራከረችም።

ዕቃዋን የጫነች ዕለት ልትሰናበተኝ መጣች።

«እትዬ፣ የምሰፋለት ነጋዴ የሰፋሁበትን የሚከፍለኝ ወር በገባ በአሥራ አምስት ነው። ጋሽ ታደሰ ቀኔን አሥራ ስድስት ያደረጉልኝ ለዚያ ነበር። እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ፣ ቃላቸውን ካልፈለጉት ምን አደርጋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ለካስ አንድ ቀን እንኳ አዘግይታ አታውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንተስ ታደሰ? ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ይህችን መንገር አቃተህ? ታመህ ሳለህ ጋቢህ ለማን እንደሚሰጥ ሳይቀር ተናዝዘህልኛል። ለተከራይህ የገባኸውን ቃል ግን በሆድህ ይዘህ ሄድክ። አዎ፣ ተናድጄብሃለሁ። በራሴ ደግሞ ከዚያ የባሰ።

አሁን ያለው ተከራይ የሦስት ወር አስቀድሞ ከፍሎኝ ነበር፤ እኔም ጎበዝ አከራይ የሆንኩ መስሎኝ ኮራሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ኪራይ ልጠይቅ በሩን ሳንኳኳ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ቧንቧው ፈንድቶ ግድግዳው እስኪርስ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ልቀቂ በላት ሲባል የፈጠነው ወንድሜም ስልኬን አያነሳም።

ባለፈው ሳምንት አሁን ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ሐኪም ጋራ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ተመለሺ ብዬም ለመንኳት። ሻይ አፍልታ አክብራ አስተናገደችኝ፤ አፉ ብያለሁ አለችኝ። መመለሱን ግን አልፈለገችም። የምትከፍልበትን ቀን በወረቀት አስፍራ፣ ሁለት ምስክር አቁማ፣ አዲሱን አከራይዋን አስፈርማ ነው የገባችው። ከአንተ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃ አታውቅም ነበር።

እስክሞት አልረሳህም፤ ከጸሎቴም ስምህን አላጎድልም። ፈትሂያ ቤት ግን የምትታወሰው ቃሉ አብሮት እንደተቀበረ ሰው ነው። እንዲያ ያደረግሁህም እኔው ሚስትህ ነኝ።

እልፍነሽ