በብረት ሣጥን ለተቆለፈው የመጠባበቂያ ኢንተርኔታችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የገጠር ኢንተርኔት አገልግሎት ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ተቋርጦ የማያውቀው የቢሮዎ መስመርም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ምስጋና መጻፍ አያቅተኝምና በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ጎርፍ መስመሩን ሲቆርጥብን ሐኪም እንድንጠራበት በሳተላይት የሚሠራ መጠባበቂያ ስለሰጡን እናመሰግናለን። በብረት ሣጥን አስቆልፈው ቁልፉን ከተማ እርስዎ ዘንድ በማኖርዎ እስካሁን አቧራ እንኳ አልነካውም።

ሁለተኛ፦ ቁልፉ የሚላከው ማመልከቻ በኢንተርኔት ሲሞላ ብቻ መሆኑን ሣጥኑ ላይ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። መስመሩ በተቆረጠ ጊዜ ማስታወቂያውን ደጋግመን ለማንበብ ሰፊ ጊዜ አግኝተናል። ጎረቤቴ አናጢው፣ ሣጥኑ ከቤታችን ሁሉ ስለሚጠነክር በሚቀጥለው ጎርፍ እኛው እንግባበት ብሏል፤ አፉን አያውቅምና ይቅር ይበሉት።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ባለፈው ክረምት መስመሩ በጠፋ በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ «አባባ፣ ሐኪሙን ለአምስት ደቂቃ ብቻ አገናኙኝ፤ መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው፣ መጠኑን ይንገረኝ» አለችኝ። መዶሻ ይዤ ሄጄ ሣጥኑ ፊት ቆምኩ። ነገር ግን ልጆች እንዳይነካኩት ይቆለፍ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት፣ ያለ ፈቃድ እንዳይከፈትም በመንደሩ ስም የፈረምኩት እኔው ነበርኩ፤ ያን ዕለት «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው» ብለው ስላስጨበጨቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መዶሻዬን ይዤ ተመለስኩ። ነርሷ የባለቤቴን ዓይኖች ከድና ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር ታማኝ ነበርኩ ወይስ ፈሪ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። እርስዎን ብቻ ብወቅስ ይቀለኝ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አራተኛ፦ ለአቤቱታዬ ስለሰጡት ምላሽ አመሰግናለሁ። መሣሪያው የይለፍ ቃል ተጨምሮለታል፤ እሱም እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ከእንግዲህ ሣጥኑን መስበርም ዋጋ የለውም። አሁን ሴት ልጄ የእርግዝናዋን ስምንተኛ ወር ይዛ እናቷ በተኛችበት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ነርሷም የልጄ የመጀመሪያ ወሊድ ስለሆነ ያለ ሐኪም ምክር አልደፍርም ብላለች። ደመናው እየከበደ ነው። እኔ ከመጸለይና ወደ እርስዎ ከመጻፍ በቀር የማውቀው የለኝም፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ማመልከቻ አይጠይቅም።

ሥራዎን ባለማክበዴ እንዲደሰቱ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ፈርሞ የታዘዘዎት፣ አሁንም የሚታዘዝዎት አዛውንት

ተጨማሪ፦ ቢሮዎ በአካል በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዎ የይለፍ ቃሉ አሥራ አምስት የሥራ ቀን እንደሚፈጅ በትሕትና አስረድታኛለች። የልጄ ምጥ ቀድሞ ከመጣ፣ እስከዚያ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ እነግረዋለሁ።