የኮፐር ግራ እግር

ሰኞ፣ ማርች 3፣ 1997

ጾም ገባ። ዝናብ። ከማውንት ቤከር፣ ከቤቴ፣ ኦበርን ፈረሶቹ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ መንገዱ በመኪና ጢም ብሏል። ሦስቱን ፈረሶች አጥቤ፣ ሰኮናቸውን ጠርጌ ልጨርስ ስል ሚስስ ሃርገን ጋጣው ድረስ መጣች። የፈረሶቹ ባለቤት እሷ ነች። አሰልጣኙ በክረምቱ ከተወን ወዲህ ሌላ አልቀጠረችም።

"ማይክል" አለችኝ። ዓምደ ሚካኤል ማለት አሥር ዓመት ሙሉ አልሆነላትም። "ለሜይ ሦስቱ ውድድር አንዱን እናስገባለን። የትኛውን እንደሆነ አንተ ንገረኝ።"

አራት ማይል። ሃያ ሁለት መሰናክል። ከተራሮቹ ማዶ በዓመት አንዴ የሚደረገው ትልቁ ውድድር... እኔን ጠየቀችኝ! ክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ሳለሁ የእኔን ሐሳብ የሚጠይቀኝ ፈረሱ ብቻ ነበር።

ማታ ለማንአልሞሽ ነገርኳት። ባለቤቴ ነገር አይገርማትም። "ታዲያ ማን ሊጋልብ ነው?" አለች።

እሱን አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ማርች 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ዊሎው፣ ጥቁሯ ባዝራ። ስትዘል ታምራለች። ከሁለት ማይል በኋላ ግን ጆሮዋን ትጥላለች። ገና ልጅ ነች። ትቅር።

ሰይለር፣ ቡላው። አሥራ ሁለት ዓመቱ። ትንፋሹ አያልቅም። ግን ሲደክመው የኋላ እግሩን ይጎትታል፤ እንጨቱን በሰኮናው ሲመታው ስንቴ ሰምቻለሁ። በአጭር ውድድር ይሁን፣ አራት ማይል ላይ ግን... አይሆንም።

ኮፐር፣ ዳማው። እሱ ነው። ከየት ተነስቶ እንደሚዘል ራሱ ይመርጣል፤ ጋላቢው ዝም ብሎ ካመነው ይበቃዋል።

ችግሩ ክብደቱ ነው። ሃንዲካፕ ስለሆነ ጎበዙ ብዙ ይሸከማል፣ ደካማው ይቀልለታል፤ አዘጋጆቹ እኩል ሊያደርጓቸው ነው። ለኮፐር ከነጋላቢው 158 ፓውንድ መድበውለታል። ለሰይለር 140። ዓምና ላሸነፈው ለስፖኬን ከተማው ጥቁር ፈረስ 166። ከሱ ስምንት ፓውንድ እንቀላለን... ሜዳው ደረቅ ከሆነ እንደርስበታለን። ጭቃ ከሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ሃሴት ልትጋልብ ነው።

ሚስስ ሃርገን ራሷ ነገረቻት፣ እኔ ገለባ ስሸከም። ልጄ ከፈረሱ ላይ ዘላ ወርዳ አቀፈችኝ። "ዳድ! አይ ጎት ኢት!"

ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከኮሌጅ በፊት ጠዋት ጠዋት ትጋልባለች። ኮርቻ ላይ ያወጣኋት እኔ፣ ልጓም ያስያዝኳት እኔ። ግን ከሁለት ማይል በላይ ተወዳድራ አታውቅም። ኦክቶበር ላይ ስትወድቅ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። የትከሻዋ አጥንት ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። እሷ አልተሰማም ትላለች። ተሰምቷል።

"ጎበዝ" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ኮፐርን ሦስት ማይል አስጋለበችው። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው... ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

ዓርብ፣ ማርች 28

ዛሬ ዋሸሁ።

ሚስስ ሃርገን ነገ የሚወዳደረውን ፈረስ ስም ለአዘጋጆቹ ልትልክ ነበር። "ኮፐር ነው አይደል?" አለችኝ። አፌ ራሱ ተናገረ። "ግራ የፊት እግሩ ይሞቃል። ጅማቱ ነው።"

ምንም አልነበረውም። እንደ ብርጭቆ ንጹሕ እግር ነው።

ሐኪም ትጠራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። "አንተ ካልክ ሌላ ማንን ልጠይቅ?" አለችና ሄደች።

ውድድሩን ትተወዋለች። ሃሴትም በሚቀጥለው ዓመት... በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገራለን። አባት አይደለሁም እንዴ?

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ጉድ ፈላ። ሰይለርን አስገባችው። ጋላቢዋ ያው ሃሴት።

"እሱ እኮ አርጅቷል" አልኳት። "ክብደቱ ቀላል ነው፤ ለልጅቷም ይቀላታል" አለችኝ። እግሩን ይጎትታል ብላት፣ "ትላንት ኮፐር፣ ዛሬ ሰይለር... ምን ሆነሃል ማይክል?"

ከጥሩው ፈረስ ላይ አውርጄ በሚወድቀው ላይ አስቀመጥኳት። በገዛ አፌ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ኮፐር ጋጣው ውስጥ ቆሟል። ደህናውን እግር ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ውኃ እነክራለሁ፣ በፋሻ እጠቀልላለሁ። አንገቱን ትከሻዬ ላይ ይጥላል። ሰው ቢሆን ኖሮ ይሰድበኝ ነበር።

ሃሴት ሰይለርን አዘለለችው። ሦስት ጊዜ እንጨቱን መታ። ከጋጣው ሆኜ ስቆጥር እሷ ወደኔ ታይ ነበር። ለምን እንደዚያ ታየኛለች?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ተናገርኩ። መጀመሪያ ለሃሴት። የኮፐርን ፋሻ ስፈታ አጠገቤ ቆማ ነበር።

"ይሄ እግር ምንም የለውም። ዋሽቼ ነው።"

"አይ ኖው" አለች በእንግሊዝኛ።

"ምን?"

"ሰኞ ዕለት ነካሁት። ሙቀት የለም፣ እብጠት የለም።" በአማርኛ ቀጠለች፤ ስትናደድ አማርኛዋ ይጠራል። "ራስህ እስክትናገር ስጠብቅ ነበር። እስከ ነገ ዝም ብትል እኔ ለሚስስ ሃርገን እነግራት ነበር።"

"ፈርቼ ነው፣ ልጄ።"

"እኔም እፈራለሁ። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንተ ግን በፈረሱ አሳበህ ዋሸህ።"

ወጥታ ሄደች። ፋሻውን እንደያዝኩ ሚስስ ሃርገን ቢሮ ገባሁ። ጨርሼ እስክነግራት አላቋረጠችኝም። ከዚያ ስልኩን አንስታ ለአዘጋጆቹ ኮል አደረገች፤ የሰይለርን ስም በኮፐር ለመቀየር አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። ሐኪምም ጠራች። ሐኪሙ እግሩን ዳብሶ ሳቀ።

"ሥራህን አልነጥቅህም" አለችኝ በኋላ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ እግር የምትነካው ለማጠብ ብቻ ነው።"

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ሃሴት አታናግረኝም። "ልጓሙ የት ነው?" ብላ እንኳን ሚስስ ሃርገንን ነው የምትጠይቀው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ፋሲካ። ዶሮ ወጥ ቀረበ፣ ሦስታችንም አንድ ትሪ ላይ። ሃሴት ለእናቷ አጎረሰች። ለእኔ አላጎረሰችም።

ማንአልሞሽ ሳህን ስታነሳ ዝቅ ብላ፣ "አንተ ፈረስ ሁሉ ታውቃለህ። ይቺን ልጅ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ምን እንደምትችል አይተሃታል?" አለችኝ።

የዘጠኙን ተወዳዳሪዎች ክብደት በቃሌ አውቃለሁ... የእሷን ነገር ማን ይጻፈው?

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ሜዳው ደረቅ። እንደሆነው ልጻፈው።

ዘጠኝ ፈረሶች ተነሱ። አጥሩ ጋ ቆሜያለሁ፣ ማንአልሞሽ ክንዴን ይዛ። ሃሴት አልቸኮለችም። መጀመሪያ ሰባተኛ። አሥረኛው መሰናክል ላይ አምስተኛ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሦስተኛ! የስፖኬኑ ጥቁር ፈረስ ከፊቷ እየከበደው ነበር፤ 166 ፓውንዱ መናገር ጀምሯል። ትደርስበታለች አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከአሥራ ሰባተኛው በኋላ መንገዱ ከኮረብታው ጀርባ ይዞራል፣ አይታይም። ጠበቅን። ጥቁሩ ወጣ። ሌላ። ሌላ... ስምንት ፈረስ ቆጠርኩ። ዳማው ኮፐር የለም።

ማንአልሞሽ ክንዴን ለቀቀችው። ሮጥኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል።

ኮረብታው ላይ ስደርስ በእግሯ ትመጣለች። ልጓሙን ይዛ፣ ኮፐር ከኋላዋ ቀስ እያለ። ፊቷ አቧራ ብቻ ነው። በእንባ ቦታ ቦታውን ታጥቧል።

"ወደቅሽ?"

"አልወደቅኩም። ዘሎ ሲያርፍ አንድ እርምጃ አጠረችብኝ። አንድ ብቻ። አቆምኩት።"

ሐኪሙ የኋላ ቀኝ እግሩን አየ። ጅማቱ ተስቧል። "አንድ መሰናክል ብትጨምር ዛሬ እዚሁ እንቀብረው ነበር፤ እሷም ከሥሩ ትሆን ነበር" አለ።

ሦስተኛ ሆና፣ የሚያሸንፍ ፈረስ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እርምጃ ሰምታ አቆመች። እኔ ብሆን አቆም ነበር? እውነቱን... አላቆምም ነበር።

ሰኞ፣ ሜይ 5

ጠዋት ሚስስ ሃርገን ማስታወሻዋን ይዛ ጋጣው መጣች። የኮፐርን ማሰሪያ ይዤ ቆሜ ነበር። በእኔ በኩል አልፋ ሃሴት ጋ ቆመች።

"መቼ ወደ ሩጫ የሚመለስ ይመስልሻል?"

ሃሴት ተንበረከከች። እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው። ዓይኗን ጨፍና፣ ረጅም ጊዜ። እኔ በልቤ ጁላይ ብዬ ጨርሼ ነበር።

"ከኦገስት በፊት አይሆንም" አለች። "ምናልባትም ሴፕቴምበር።"

ሚስስ ሃርገን ጻፈችው። ወደ እኔ ዞር ብላ አላየችም። እኔም እሱን ቦታ ደግሜ አየሁት... ልክ ነች። ጁላይ ይቸኩላል።

ሃሴት ከተንበረከከችበት ሳትነሳ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

"አባዬ፣ ፋሻውን አቀብለኝ።"

አቀበልኳት።