ቀድመህ የቀመስከው ውሃ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህንስ አላመመህም? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቅህ፤ መልሱን እፈልገዋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ንዴቱ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እናታችን እዚህ ጭሮ እኔ ጋ ናት። ከብቶቼን አስጥለሽኝ እያለች ታኮርፈኛለች። ከአሰቦት ያን ያህል አጣድፌ ለምን እንዳመጣኋት ለእሷም አልነገርኳትም።

ባለፈው ስደውልልህ በመንደራችን ስለተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ጥናት ጠየቅኩህ። ምስጢር ነው ተብያለሁ፣ እኛ የምክር ቤት አባላትም አናየውም አልከኝ። ደግሞ ሳይከፋህ ነው ያልከው። ሁሉ ነገር ለተመራጭ ከተከፈተ አገር አይጠበቅም፣ ከመካከላችን የጫት በርጫ ላይ ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ የሚዘራ አይጠፋም ብለህ አስረዳኸኝ። አይጠፋም። እሱን ቅጡት። ለአንድ ለፍላፊ ተብሎ የሁላችሁም ዓይን ይሸፈናል? እኔ የጦር ዕቅድ አሳየኝ አላልኩህም፤ እናታችን የምትጠጣውን ውሃ ነው የጠየቅኩህ።

እኔ ማን ነኝ? የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ማንም አልመረጠኝም። ምስጢር የሚል ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ኃላፊው ካዩት በኋላ ወደ እኔ ይመልሱታል። ቁጥር ሰጥቼ፣ ፋይል ውስጥ አስሬ እቆልፍበታለሁ። አንተን ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ መርጦህ፣ እህትህ የምታገላብጠውን ወረቀት ማየት አይፈቀድልህም። ታዲያ የጉድጓዱን በጀት እጅህን አውጥተህ ያጸደቅኸው ምኑን አይተህ ነው?

የምረቃው ቀን ትዝ ይልሃል? በእኛ ዘንድ ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፣ ሌላው ከእሱ በኋላ ይጠጣል። ሰዉም አንተን እያየ ቆሞ ነበር። ቢስሚላህ ብለህ ብርጭቆውን ጨለጥከው። ሼህ ዓሊዩ ወደ ሰዉ ዞረው ልጃችን ቀምሷል፣ ከእንግዲህ ምን እንፈራለን አሉ። ከዚያ ወዲህ የኩሬውን ውሃ የሚቀዳ የለም። ጎረቤታችን ጣሂራ ሦስቱንም ልጆቿን ከጉድጓዱ ታጠጣለች። ትንሿ ጡት ከተወች ወር አልሞላትም።

ወረቀቱ ምን እንደሚል አልጽፍልህም፤ ላልናገር ፈርሜያለሁ። ቁጥሩን ግን ደብቂ ብሎ ያስፈረመኝ የለም። ው/ጥ/ም/47 ይላል። እስከ ዛሬ ጥናቱን ስትጠይቅ የትኛውን ጥናት እያሉ ሸኝተውህ ይሆናል፤ ቁጥር ጠርቶ የመጣን ሰው ግን የለም ብሎ መመለስ ይከብዳል። ምክር ቤቱ ፊት ተነስተህ በቁጥሩ ጠይቅ። ለአንተ ብቻ እናሳይህና ዝም በል ቢሉህ እሺ እንዳትል። ማን ነገረህ ካሉህም እህቴ በላቸው።

እሱ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። አንተ ግን ይህን እንዳነበብክ፣ ሳታድር ለሼህ ዓሊዩ ደውል። ጠጡ ብለህ ያቀመስካቸው አንተ ነህ፣ ሌላ ሰው ቢነግራቸው አያምኑም።

እስካሁን የተቆጣሁህ ሳታይ ጠጣህ ብዬ ነው። እኔ አይቼ ነበር። ወረቀቱ እጄ የገባው ከምረቃው ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ያዝኩ። ብርጭቆውን ስታነሳ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ ነበር፣ ጠጥተህ ስትጨርስም ከሰዉ ጋር አጨበጨብኩ።

አላህ አንተን ይጠብቅህ፣ እናታችንን ያቆይልን፣ የጣሂራን ልጆች ክፉ አያግኛቸው። እኔን ይቅር ይበለኝ።

ታላቅ እህትህ
ከጭሮ