አፍንጫዬ ሲመለስ

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለኑርዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን አለሽልኝ ልጄ? የኩዌት ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ለመሆኑስ በቅጡ ትበያለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ዝም ስልሽ ያኮረፍኩ እንዳይመስልሽ፤ አባትሽ አጠገቤ ተኝቶ ይሰማል። እሱ እየሰማ የማይወራ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩልሽ። ፈሪዳ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ስትመለስ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ኮሮና አፍንጫዬን ይዞት እንደሄደ ታውቂያለሽ። አፍንጫ የሌላት ቅቤ ነጋዴ! አይ ጉድ! ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ ገዝቼ ደንበኛ ፊት ተዋረድኩ። ጎረቤታችን ነርሷ ቅድስት "አይዞዎት እትዬ ሐሊማ፣ የማሽተቻው ነርቭ ሞቶ አይቀርም፤ እንደ አዲስ ይበቅላል" አለችኝ። ጠዋትና ማታ ቅርንፉድ፣ ሎሚና ጤና አዳም እንዳሸት አዘዘችኝ። "ሲመለስ ግን መጀመሪያ ያሳስታል። ጥሩው ነገር ሁሉ ሊገማዎት ይችላል፤ እንዳይደነግጡ" አለች።

እውነትም እንዳለችው ሆነ። ከወራት በኋላ ሽታ ሲመጣልኝ ሽንኩርቱ የተቃጠለ ጎማ፣ ቅቤው ጥንብ ጥንብ ይሸተኝ ጀመር። ቤት ስገባማ የባሰ ነው። "አንተ፣ የሞተ አይጥ አለ መሰለኝ" ስለው አባትሽ ከሽመና ጉድጓዱ ሳይነሳ ይስቅብኛል። "ቅድስት የነገረችሽን ረሳሽው? አፍንጫሽ ነው የሚዋሽሽ" ይለኛል። አመንኩት። አልጋ ሥር ጠርጌ፣ ዕቃውን ሁሉ ገልብጬ ምንም ሳጣ ጊዜ አፍንጫዬን ረገምኩ።

እሱ ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል። ማታ በካልሲ ይተኛል። ለሶላት ዉዱእ ሲያደርግ እንኳ እግሩን ማጠብ ትቶ ካልሲው ላይ ማበስ ጀምሮ ነበር። "ብርዱ ነው" ይለኛል። የአገራችንን ብርድ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ምን ብዬ ልጠርጥር? ስኳር እንዳለበት እያወቅሁ እኮ ነው ኑርዬ!

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ የጋፋቷ ውድነሽ የቅቤ ቅሏን ከፈተችልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው፣ ያ ለጋ ቅቤ፣ ራሱ! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። "እሰይ! የሐሊማ አፍንጫ መጣ!" ብለው ሴቶቹ እልል አሉ። አባትሽን ላበስር ገበያዬን ጥዬ በባጃጅ ከነፍኩ።

በሩ ላይ ያው ግማት ተቀበለኝ። ቅርንፉዱን አነሳሁ፤ ቅርንፉድ ነው። ሎሚውም ሎሚ ነው። ግማቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ "እግርህን አውጣ" አልኩት።

"ተይኝ ሐሊማ" አለኝ።

ጎትቼ አወጣሁት። ካልሲውን ሳወልቀው ሥጋው አብሮ መጣ።

"ምነው? ምነው ደበቅኸኝ?" ስለው "ሸማኔ ያለ እግር ምን ይሆናል? ይድናል ብዬ ነው" አለኝ። ይህን የሚያህል ሰው እንዲህ ይሞኛል? ተናድጄ ትከሻውን መታሁት፤ መልሼ ደግሞ አቅፌው አለቀስኩ።

ሆስፒታል ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ ይህን በስልክ ነግሬሻለሁ። መርዙ ግን ቀድሞ ወደ ላይ ወጥቶ ኖሯል። ባሕር ዳር ድረስ ወሰድኩት። እዚያ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ "ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፤ ቤቱ ይረፍ" አለኝ። ለአባትሽ ግን "ተሽሎሃል፣ ግባ ተብለሃል" አልኩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፋሻውን ስቀይርለት ዓይን ዓይኔን ያያል። "አፍንጫሽ ምን ይላል?" ይለኛል። ያ ሲስቅበት የነበረ ሰው ዛሬ ከሐኪም ይልቅ አፍንጫዬን ያምናል። "ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው" እለዋለሁ። ደስ ብሎት ይተኛል። እኔ ጓሮ ወጥቼ አስመልሳለሁ።

ኑርዬ፣ አሠሪዎችሽን ለምኚና ነይ። እምቢ ካሉሽም ነይ፤ በኋላ የሚቆጭሽ ሥራው አይደለም። ስትገቢ ገና ከደጁ ይሸትሻል። እንዳትደነግጪ፣ እጅሽን ወደ አፍንጫሽ እንዳትወስጂ፣ አደራሽን። ቀጥ ብለሽ ግቢና አንገቱን አቅፈሽ ሳሚው፤ ዓይኑ ፊትሽ ላይ ነው የሚሆነው።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሕይወቱ ያገናኛችሁ። አሚን።

እናትሽ ሐሊማ