«ሞተር ሠራሁ» ብዬ ስለመጻፌ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአነስተኛ ተሽከርካሪዎች ቁጥጥርና ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የሚፈርሙበት እጅዎ ደህና ይሁንልዎ። እኛ ባለጉዳዮችዎ ከራሳችን ጤና አስቀድመን የእርስዎን የምንጠይቀው ፍቅር በዝቶብን ብቻ ሳይሆን፣ እርስዎ የታመሙ ዕለት የሚፈርም ሰው ስለማይገኝ ጭምር ነው።

እኔ ብርቱካን ሀብታሙ እባላለሁ። ታቦር ሰፈር የምኖር፣ በዚህችው ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች መካከል ግማሾቹን ግስ ያስተማርኳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ስለዚህ ከሚከተለው ጥፋት ድርሻዬን አልክድም።

ታናሽ ወንድሜ ተፈራ እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ሳይክል ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነበር። ኩላሊቱ ከድቶት ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ባሉን ጊዜ እኔ ቤት ገባ፤ በጉብዝናው ወራት የታቦርን ተራራ ይወጣባት የነበረችው፣ ቁመቷ ትንሽ፣ ጎማዋ ጥርሳም የሆነች የጭቃ መንገድ ሞተሩም አብራው መጣች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳትነሳ በላስቲክ ተሸፍና የቆየች ናት። ተፈራ ካህን ጥሩልኝ ከማለቱ አስቀድሞ የለመነኝ ድምፅዋን ሳልሰማ እንዳልሄድ ብሎ ነው።

እጁ እየተንቀጠቀጠ ብሎን መያዝ ስላልቻለ፣ እጅ የሆንኩት እኔ ነኝ። እሱ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ያዛል፤ እኔ በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ እፈታለሁ። ብሎኖቹን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ ቁጥር እየጻፍኩ ደረደርኳቸው፤ ካንዴላ ከካርቡራተር የማልለይ ሴት በስልሳ አራት ዓመቴ የፒስተን ቀለበት አገባብ ተማርኩ፤ ስሳሳትም ልክ እኔ ልጆቹን እቆጣ እንደነበረው ይቆጣኝ ነበር። ሲሊንደሩ ተበልቶ ስለነበር ቶርኖ ቤት ወስጄ አሰፋሁት፤ ከድሮው ከፍ ያለ ፒስተን ገባለት። ከእንግዲህ ጉልበቷ ይጨምራል፣ ድምፅዋም ወፈር ይላል አለኝ ተፈራ፤ ወፈር ካለ ልክ ነን፣ ከተንጫጫ ግን እንደገና ይፈታል። አምስት ሳምንት ፈጀብን። ክቡር ሆይ፣ እኔና ወንድሜ ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ጎረቤት ተባብሮ ሞተሩን ቦታው ላይ ከገጠመልን በኋላ የቀረው ዘይት መጨመር ብቻ ነበር። ወንድሜ ግን፣ ምስኪን፣ ሕግ አክባሪ ሆኖ የተፈጠረ ሰው፣ ጉልበቷ ስለተለወጠ መጀመሪያ ሊብሬው ላይ ይመዝገብ፣ ሕግ ይቅደም ዘይት ይከተል ብሎ አስቆመኝ። እኔም ብዕሬን አንስቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩልዎ፦ «በመኖሪያ ቤቴ ሞተር ሠርቼ ስለጨረስኩ እንዲመዘገብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕርማ እንዴት ይሁን! ሠራሁ ማለት አደስኩም ነው፣ አዲስ አበጀሁም ነው፤ ሞተር ማለትም ሆድ ዕቃው ነው፣ ሰው የሚጋልበውም ነው። ይህንን ለሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ያስተማርኩ ሴት ለእርስዎ ስጽፍ ረሳሁት። እኔ አሮጌ ጠገንኩ አልኩ፤ መሥሪያ ቤትዎ ፋብሪካ ከፈተች ብሎ አነበበው። ወንድሜን የጎዳሁት በገዛ አማርኛዬ ነውና ይህ ሲያንገበግበኝ ይኖራል። ለእርስዎ ግን ያለኝ ምስጋና ብቻ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ስለ ተሰበረ ቧንቧ አመልክቼ ሰባት ወር የጠበቅሁ ሴት፣ የእርስዎ ሰዎች በሁለተኛው ቀን ረቡዕ ደጄን ሲያንኳኩ ዐይኔን ማመን አቃተኝ። መርማሪዎ አቶ ዳንኤል ሁለት ሰዎች አስከትለው ፋብሪካውን ከአልጋ ሥር እስከ ዶሮ ቤት ፈለጉት፤ ያገኙት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የእንቁላል ካርቶንና አንድ በሽተኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነውና ሞተሯን እየገፉ ወሰዷት፤ «በሕገወጥ መንገድ የተመረተ ሞተር፣ ብዛት አንድ» የሚል ደረሰኝም ሰጡኝ። ተፈራ ከሶፋው ቀና ብሎ ዘይት የላትምና እንዳታስነሷት ብሎ ቢለምናቸው፣ አቶ ዳንኤል አስተያየት ካለ በጽሑፍ ይቅረብ አሉ። በማግስቱ ጠዋት በጽሑፍ አቀረብኩ። በዚህኛው ደብዳቤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አልተጠቀምኩም፤ ቅጂው የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም አርፎበት እጄ ላይ ይገኛል።

2ኛ. በስተርጅና እግሬን ስላፍታቱልኝ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሼ ዘጠኝ ጊዜ በመስኮት የተነገረኝ ገና በምርመራ ላይ ነው፣ ለማንኛውም ባለቤቱ በአካል ይቅረብ የሚል ነበር። ባለቤቱ ከአልጋ መውረድ አልቻለምና እባካችሁ አንድ ሰው መጥቶ ይየው ስላቸው፣ መሥሪያ ቤቱ ሰው ቤት የሚሄድበት አሠራር የለውም ተባልኩ። ወይ ጉድ! ዶሮ ቤቴን የበረበሩት ታዲያ መላእክት ነበሩ ማለት ነው።

3ኛ. በተመለስኩ ቁጥር ተፈራ ከአፌ ወሬ ሳይሆን ከደጅ ድምፅ ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻው ሰኞ ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ አንድ ባጃጅ በደጃችን ሲያልፍ እሷ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም አዎን ብዬ ዋሸሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ያዳመጠ ሰው በባጃጅ ድምፅ አይታለልም። እጄን ጨበጥ አደረገ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። ከቀትር በኋላ አረፈ። ለዚህ ተራ ቁጥር የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አላገኘሁም፤ እንዲሁ ባዶውን ይያዙልኝ።

4ኛ. በተቀበረ በስምንተኛው ቀን ውሳኔዎን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ሞተሩ ተመርምሮ «የማይሠራ ሆኖ ስለተገኘ» ክሱ መነሣቱንና ባለቤቱ በአካል ቀርቦ እንዲረከብ አነበብኩ። ጥቁር ለብሼ መጣሁ። የግቢ ጠባቂዎ አቶ በርናባስ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ካዘኑልኝ በኋላ እውነቱን ነገሩኝ። በተወሰደች ማግስት ሐሙስ ከሰዓት፣ ማለትም የጠዋቱ ደብዳቤዬ ማኅተም ሳይደርቅ፣ አቶ ዳንኤል መርገጫዋን ሦስት ጊዜ ቢረግጡት በሦስተኛው ተነሳች። ይቅር ይበለኝና ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እሰይ፣ በሦስተኛው! የቢሮው ሰው ሁሉ ወጥቶ አዳመጣት አሉኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሠራች፤ ከዚያም ሲጢጥ ብላ ቆመች፣ ፒስተኗም ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ያቺ ሐሙስ ወንድሜ ከመሞቱ አሥራ ስምንት ቀን በፊት ነበረች። ከእርስዎ ግቢ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ላይ ተኝቶ ጆሮውን ወደ ደጅ አድርጎ ይጠብቅ ነበር፤ እኔም በምርመራ ላይ ነው እየተባልኩ ዘጠኝ ጊዜ የተመላለስኩት ለሞተች ሞተር ነው።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅም፤ አቶ ዳንኤልም እንዲቀጡልኝ አልፈልግም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አንድ ልመና ግን አለኝ። የአቶ በርናባስ ጆሮ በእርጅና ደከም ያለ በመሆኑ ሊነግሩኝ ያልቻሉት ነገር ስላለ፣ በዚያች ሐሙስ በረንዳው ላይ ቆመው ካዳመጡት ባለሥልጣናት አንዱ ቃሉን ቢሰጠኝ እወዳለሁ። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነበር ወይስ የተንጫጫ? የተፈራ አርባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት ከነገሩኝ መቃብሩ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ። የተንጫጫም ቢሆን አይደብቁኝ፤ ከእንግዲህ የሚታለል የለም።

የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፣ የመስኮትዎም መጋረጃ አይነሣ እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ የምመኝ፣

ታዛዥዎና የቀድሞ የግስ መምህርት፣
የሟች ተፈራ እህት
ብርቱካን ሀብታሙ
ከታቦር

ማስታወሻ፦ በውሳኔዎ ራስጌ ላይ «ጉዳዩ፦ የአቶ ተፈራ ሀብታሙ ሞተር» መባል ሲገባው፣ ጸሐፊዎ የመጨረሻዋን «ር» ዘልላት «የአቶ ተፈራ ሀብታሙ ሞተ» ተብሎ ወጥቷል። በልማዴ ላርመው ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። በደብዳቤው ውስጥ ስሕተት የሌለበት ቃል እሱ ብቻ ነው።